ከጀልባ ተነስቶ ጀልባ ላይ የሚያርፍ ድሮን፦ የሎጎ ሐይቅ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሥራው የሐይቅ ከተማን ሐይቅ ዳርቻ ከላይ ፎቶ ማንሳት ነው። ሎጎ የሚባለው ይህ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ስፋቱም 23 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ድሮኑ በአንድ ባትሪ 12 ደቂቃ ስለሚበር ከመሬት እየተነሳ ሁሉንም አይዳርስም። ጀልባ ይወስደዋል፣ ከጀልባው ይነሳል፣ ጀልባው ላይ ይመለሳል። ጀልባው ደግሞ እስኪመለስ ቆሞ አይጠብቀውም። መልህቅ ቢጣል እንኳ ንፋስ ያዞረዋል።

የበረራ ፈቃድ በእጅ ሳይገባ ባትሪ አይነሳም። ለቀበሌው፣ ለአሳ አጥማጆቹና በዳርቻው ለሚኖሩት ደግሞ ሰዓቱንና ቦታውን አስቀድሞ መንገር ግድ ነው። በዚህ አካባቢ ጆሮ የድሮን ድምፅ ቀላል ነገር አይደለም። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ወገን ከበረራ ክልሉ ውጭ ተደርጓል። ሙከራውን ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ማድረግ ይቀል ነበር፤ ነገር ግን አውሮፕላን ማረፊያው እዚያው ስለሆነ አልታሰበም።

ቀን 1፣ ደሴ። ክብደትና ጉልበት

ክፈፉ 500 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሮቹ አራት ባለ 920 ኬቪ (ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ 920 ዙር)፣ ባትሪው ባለ 4 ሴል 5,200 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ መቆጣጠሪያው አርዱፓይለት የሚባለው የበረራ ሶፍትዌር የተጫነበት ፒክስሆክ ነው። ካሜራውን የሚያነበው ራስበሪ ፓይ 4 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር ሲሆን ወደ ታች ከፍታ የሚለካ ቲኤፍሚኒ ሌዘርም አለ። ከተንሳፋፊ ስፖንጁ ጋር ጠቅላላ ክብደቱ 1.95 ኪሎ ሆነ።

ስፖንጁ ለጌጥ አይደለም። ሐይቁ መሀል ላይ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ የወደቀ ነገር አይወጣም። በየክንዱ ሥር 0.6 ሊትር፣ በድምሩ 2.4 ሊትር ስፖንጅ ታስሯል። ይህ የራሱን ክብደት ቀንሶ 2.3 ኪሎ ያህል ይሸከማል።

የሞተሮቹ ሻጭ ወረቀት በ10 ኢንች ፕሮፔለር 4 ኪሎ ያነሳሉ ይላል። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ባሕር ጠለል ነው። ሐይቁ ያለበት ከፍታ ወደ 1,900 ሜትር ነው፤ በ24 ዲግሪ ሙቀት የአየሩ ጥግግት በሜትር ኩብ 0.94 ኪሎ ግራም አካባቢ ይሆናል። በባሕር ጠለል መደበኛው 1.225 ነው። ስለዚህ 4 ኪሎው 3.1 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው፣ የክብደቱን 1.6 እጥፍ ብቻ። ቀጥ ብሎ ለመቆም ይበቃል፤ ወደ ላይ እየተነሳ ከሚመጣ ወለል ለመሸሽ ግን አይበቃም። ፕሮፔለሮቹ በ11 ኢንች ተቀየሩ። በሻንጣ ሚዛን ሲለካ 3.7 ኪሎ ወጣ። ዋጋው ሙቀት ነው፦ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሞተሩን በጣት ይዞ መቆየት ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን የማይመች ነው። ደሴ ሐይቁን በ500 ሜትር ያህል ስለምትበልጥ እዚህ የሠራ ነገር እዚያ ይሠራል።

ቀን 2። ማረፊያ ሰሌዳው

1.2 በ1.2 ሜትር ኮምፔልሳቶ፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር። ዙሪያውን 8 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ከንፈር፣ ከከንፈሩ ውጭ ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር የተዘረጋ የአሳ መረብ። ያመለጠውን መረቡ ይይዛል።

ሰሌዳው ላይ ያለው ምልክት 36ኤች11 ከሚባለው ቤተሰብ የሆነ ኤፕሪልታግ ነው፤ ካሜራ የሚያነበው በጥቁርና ነጭ ሳጥኖች የተሠራ ምልክት። አንድ ምልክት አይበቃም፤ ምክንያቱ ሒሳብ ነው። የካሜራው እይታ በቁመት 48.8 ዲግሪ ስለሆነ በ1 ሜትር ከፍታ የሚያየው 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፣ በ55 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ደግሞ 50 ብቻ። ባለ 50 ሳንቲ ሜትር ምልክት ከዚያ በታች ከፎቶው ይወጣል፣ ድሮኑም ልክ በሚያስፈልገው ሰዓት ይታወራል። ባለ 10 ሳንቲ ሜትሩ በተራው ከሩቅ አይነበብም። ስለዚህ ሁለቱም ተሠሩ፦ ትልቁ መሀል ላይ፣ ትንሹ ከትልቁ ጠርዝ አጠገብ፣ በመሀላቸው ነጭ ክፍተት ተትቶ። ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል ያለው ርቀት 34 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ኮዱ ውስጥ ካልገባ ድሮኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር በ34 ሳንቲ ሜትር ይዘላል።

መጀመሪያ ማስታወቂያ ቤት በሚያብረቀርቅ ባነር ላይ ታተመ። እቤት ውስጥ ያማረ ነበር፤ ፀሐይ ላይ ሲወጣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ ታየ። ተጣለ። ሁለተኛው በማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም፣ በካርቶን ቅርጽ ተቆርጦ፣ በቡሩሽ ኮምፔልሳቶው ላይ ተቀባ። በእጅ የተቀባ መስመር 2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ አንባቢው ግድ አይሰጠውም።

ቀን 3። ካሜራ

የራስበሪ ፓይ ካሜራ ቁጥር 2፣ 640 በ480 ፎቶ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ካሜራውን በቀጥታ 640 በ480 ስጠኝ ካሉት የምስሉን መሀል ቆርጦ ነው የሚሰጠው፣ እይታውም ይጠባል። መፍትሔው 1640 በ1232 ወስዶ ከዚያ ማሳነስ ነው። ከዚህ በኋላ ትልቁ ምልክት ከ8 ሜትር ያለ ችግር ተነበበ። በ8 ሜትር ላይ አንድ ፒክስል 1.5 ሳንቲ ሜትር ስለሚሸፍን ምልክቱ 33 ፒክስል ይሆናል፣ እያንዳንዱ የምልክቱ ሳጥንም 4 ፒክስል። 12 ሜትር ላይ አንዴ ያየዋል፣ አንዴ አያየውም፤ አይታመንም።

ከፎቶ እስከ መቆጣጠሪያው ትእዛዝ ያለው መዘግየት 110 ሚሊ ሰከንድ ወጣ። ቆሞ ለሚጠብቅ ሰሌዳ ይህ ምንም አይደለም። በሰከንድ 2.5 ሜትር ለሚሄድ ጀልባ ግን 27 ሳንቲ ሜትር ነው። አርዱፓይለት ውስጥ የመዘግየቱ ቁጥር ከነበረበት 0.02 ወደ 0.11 ተቀየረ፣ «ማረፊያው ይንቀሳቀሳል» የሚለው ምርጫም በራ። ይህ ምርጫ ካልበራ ድሮኑ ሰሌዳውን እንደቆመ ነገር ስለሚያየው ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ከኋላ ነው።

ቀን 4። የእጅ ጋሪ

ሰሌዳው የእጅ ጋሪ ላይ ታሰረ፣ ጋሪው በ8 ሜትር ገመድ ተጎተተ። የአህያ ጋሪ ይሻል ነበር የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር፤ አህያዋ በድሮን ሥር ምን እንደምትል ማንም ስላልጠየቃት ቀረ። በእግር ፍጥነት 12 ሙከራ፣ 11 ሰሌዳው ላይ። አንዱ የሳተው ጎታቹ ድንገት ስለቆመ ነው።

ቀን 5። ባጃጅ

ጋሪው በባጃጅ ተጎተተ፣ በሰከንድ 2.5 ሜትር። ከ12 ሙከራ 5ቱ ብቻ ሰሌዳው ላይ አረፉ። የሳቱት ሁሉ የሳቱት በአንድ ወገን ነው፣ ወደ ኋላ። መዝገቡ ሲታይ ካሜራው እስከ መጨረሻው ምልክቱን ያያል፤ ችግሩ ማየት አልነበረም።

ድሮኑ ይወርድ የነበረው ፍጥነቱ ገና ከሰሌዳው ጋር ሳይስተካከል ነው። ከላይ ሆኖ ነጥቡን ያሳድዳል፣ ይደርስበታል፣ ያልፈዋል፣ ይመለሳል፤ በዚህ መሀል ከፍታው እያለቀ ነው። ስለዚህ የመውረዱ ቅደም ተከተል ተለወጠ። መጀመሪያ ከሰሌዳው 6 ሜትር ከፍ፣ 4 ሜትር ወደ ኋላ ብሎ መከተል ነው። ለዚህ ጀልባው ላይ የሚቀመጠው ጂፒኤስ ቦታውን በሬዲዮ በሰከንድ 5 ጊዜ ይልካል፤ በነባሩ አሠራር የሚላከው ከዚህ ያነሰ ስለነበር ድሮኑ እየነጠረ ነበር የሚከተለው። በሁለቱ መሀል ያለው የፍጥነት ልዩነት ለ3 ሰከንድ ከ0.3 ሜትር በሰከንድ በታች ሲሆን ከምልክቱ በላይ ይመጣል። ከዚያ በሰከንድ 0.4 ሜትር እስከ 1.5 ሜትር ይወርድና እዚያ በር አለ፦ ስህተቱ ከ25 ሳንቲ ሜትር፣ የፍጥነት ልዩነቱም ከ0.3 በላይ ከሆነ አይወርድም፣ ይጠብቃል። 20 ሰከንድ ጠብቆ ካልተስተካከለ ወደ 6 ሜትር ይመለሳል።

በዚህ አሠራር ከ12 ሙከራ 10 አረፈ፣ 2ቱን ድሮኑ ራሱ ተወ። መሬት የነካ የለም። ተራ ጂፒኤስ 2 ሜትር ቢስት ምንም አይደል፣ ሥራው ድሮኑን ካሜራው ወደሚያይበት ክልል ማድረስ ብቻ ነው። ቦታን በሳንቲ ሜትር ልክ የሚለየውን ውዱን ጂፒኤስ፣ አርቲኬ የሚባለውን፣ መግዛት አላስፈለገም።

ቀን 6፣ ሐይቅ። ያለ በረራ

ጀልባው 6 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። ሰሌዳው ከፊት፣ ነጂው ከኋላ፤ በመሀላቸው 3.5 ሜትር። ከሞተሩ መራቁ ለኮምፓሱም ለነጂው ጣትም ይጠቅማል።

ድሮን ሳይነሳ ስልክ ሰሌዳው ላይ ታስሮ የመወዛወዙ ልክ ተወሰደ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሐይቁ እንደ መስታወት ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሳ የጀልባው ፊት በ1.8 ሰከንድ አንድ ጊዜ 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 12 ወደ ታች ይላል። ይህ ማለት ወለሉ በሰከንድ እስከ 0.42 ሜትር ይነሳል፣ ይወርዳል። ጀልባ ነጂው ለዚህ መሣሪያ አላስፈለገውም፦ «ከቀትር በኋላ ሎጎ ይቆጣል፣ ቀድማችሁ ጨርሱ»።

ቀን 7። ገና ሳይነሳ

ድሮኑ ጀልባው ላይ ሲበራ አልነሳም አለ። ምክንያቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛ፣ መቆጣጠሪያው በተከፈተ ቁጥር መዞርን የሚለካውን ጋይሮ ያስተካክላል፣ ለዚያም ፍጹም መቆም ይፈልጋል፤ የሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ያ ጊዜ አይመጣም። ሲከፈት ጋይሮውን እንዳያስተካክል ተደርጎ፣ ጠዋት መሬት ላይ አንድ ጊዜ የተስተካከለውን እንዲጠቀም ሆነ። ቀኑ በጣም ሲሞቅ መሬት ወርዶ መድገም ይሻላል። ሁለተኛው ኮምፓስ ነው፦ ሰሌዳውን የያዙት የብረት ብሎኖች ከኮምፓሱ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበሩ። ብሎንና ዳዶው ወጥቶ በናይለን ገመድ ታሰረ፣ ችግሩም ጠፋ።

ከሁሉ በላይ ግን ሊረሳ የማይገባው የአደጋ ጊዜ ትእዛዝ ነው። ሬዲዮ ቢቋረጥ ድሮኑ «ወደ ተነሳህበት ተመለስ» በሚለው ይሄዳል፤ የተነሳበት ቦታ አሁን ውሃ ነው። ጀልባው ከዚያ 400 ሜትር ርቋል። ባለበት ውረድ ቢባልም ያው ውሃ ነው። ስለዚህ በዳርቻው ሁለት ደረቅ ሜዳዎች ላይ ራሊ ፖይንት የሚባሉት የመመለሻ ነጥቦች ተቀመጡ፣ የመነሻው ነጥብ ከምርጫው ተሰረዘ። ራሊ ፖይንት የርቀት ገደብ እንዳለውም መታየት አለበት፤ በዚህ ዓይነት ድሮን ነባሩ ገደብ 0.3 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የራቀ ነጥብ እንደሌለ ይቆጠራል። ወደ 2 ኪሎ ሜትር ከፍ ተደረገ። ሬዲዮው ሆን ተብሎ ጠፍቶ ተሞከረ፤ ወደ ሜዳው ሄዶ አረፈ።

ቀን 8። ጁምዓ

ጀልባ ነጂው ሰላት ስላለበት ሥራው ጠዋት ብቻ ነበር። ጀልባው በሰከንድ 2 ሜትር ወደ ንፋሱ ዞሮ ሄደ። 6 ሙከራ፣ 6ቱም ሰሌዳው ላይ። ያም ሆኖ ቀኑ ጥሩ አልነበረም፣ ምክንያቱም ከነኩ በኋላ የሆነው ነው።

አርዱፓይለት አረፍኩ የሚለው የሞተሩ ጉልበት ከታች ገደቡ ደርሶ፣ ፍጥነትና መንቀጥቀጡ ጸጥ ብሎ አንድ ሰከንድ ሲቆይ ነው። ሐይቅ ላይ ወለሉ ራሱ ስለሚነሳና ስለሚወርድ ያ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ድሮኑ ሰሌዳው ላይ ቁጭ ብሎ ፕሮፔለሩ እየዞረ 4፣ 5፣ አንዴ 9 ሰከንድ ቆየ። በዚህ መሀል ጀልባው ጋደል ሲል መቆጣጠሪያው ድሮኑን ሊያቀናው ይታገላል፤ አንዱን ክንድ ይገፋል፣ ሌላውን ይለቃል። በአራተኛው ሙከራ ተገልብጦ ሁለት ፕሮፔለር በላ።

ትልልቅ መርከቦች ይህን ያውቁታል። የካናዳ ባሕር ኃይል በ1960ዎቹ ሄሊኮፕተርን በገመድ ወደ ወለሉ ስቦ የሚይዝ መንጋጋ የሠራው ለዚሁ ነው፤ ማረፉ ብቻ ሳይሆን ካረፉ በኋላ መቆየቱም ስለሚከብድ።

ቀን 9። የእግር ማብሪያ

በአራቱም እግሮች ጫፍ ትንሽ ማይክሮ ስዊች ገባ፤ እግሩ ወለል ሲነካ ይጫናል። ስዊቾቹ ወደ ራስበሪ ፓዩ ይሄዳሉ፣ እሱ ደግሞ ከመቆጣጠሪያው ጋር በሚነጋገርበት የመልእክት ቋንቋ፣ በማቭሊንክ፣ የሞተር ማጥፊያ ትእዛዝ ይልካል። ተራው ትእዛዝ አይሠራም፤ መቆጣጠሪያው ገና በአየር ላይ ነኝ ብሎ ስለሚያምን እምቢ ይላል። በግድ ለማጥፋት በትእዛዙ ሁለተኛ ቦታ 21196 የሚለው ቁጥር መግባት አለበት። ይህ ቁጥር 30 ሜትር ላይ ቢላክም ያጠፋል። ስለዚህ በጥንቃቄ መታጠር አለበት።

የመጀመሪያው አጥር ደካማ ነበር፦ «ማንኛውም አንድ ስዊች»። በሦስተኛው ሙከራ አንድ እግር ከንፈሩን ነክቶ ድሮኑ ነጠረ፣ ሞተሩም 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ጠፋ። መረቡ ያዘው። አሁን ያለው አጥር ይህ ነው፦ በሰያፍ ትይዩ የሆኑ ሁለት ስዊቾች፣ ለ100 ሚሊ ሰከንድ ሳይቋረጥ፣ ምልክቱ በ3 ሰከንድ ውስጥ ከ60 ሳንቲ ሜትር በታች ታይቶ ከሆነ ብቻ። ሦስቱም ካልተሟሉ ቁጥሩ አይላክም። የስዊቾቹ ሽቦ በሲሊኮን ካልተሸፈነ አንድ ጠብታ ውሃ «አረፍኩ» ሊል ይችላል።

ቀን 10። ሌዘሩ

ሌዘሩ ተነቀለ። የተረጋጋ ውሃ ጨረሩን አንጸባርቆ ወደ ሌላ ይልከዋል ወይም ያስገባዋል፣ ስለዚህ ንባቡ ከ4 ሜትር ወደ ምንም፣ ከምንም ወደ 11 ሜትር ይዘላል። የባሰው የጀልባው ጠርዝ ላይ ያለው ነው፦ ከውሃ ወደ ሰሌዳው ሲሻገር ወለሉ በአንድ ጊዜ 70 ሳንቲ ሜትር የተነሳ ይመስለዋል፣ ድሮኑም ደንግጦ ይወጣል። የባሮሜትሩ ንባብም በመጨረሻዎቹ ሜትሮች አይታመንም፤ በዚህ ከፍታ የ0.1 ሄክቶፓስካል ለውጥ 1 ሜትር ያህል ነው። ከ6 ሜትር በታች ያለው ከፍታ ከምልክቱ መጠን ይሰላል። ካሜራው ያየው 50 ሳንቲ ሜትር በስንት ፒክስል ነው? ያ ይበቃል።

ቀን 11። የመጨረሻው ሜትር

ከቀትር በኋላ፣ በመጠነኛ ንፋስ። እስካሁን ከ1.5 ሜትር በታች የመውረጃው ፍጥነት 0.5 ሜትር በሰከንድ ነበር፣ ቀስ ማለት ደህንነት ይመስላልና። ሞገድ ላይ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ወለሉ በ0.42 ሲወርድ ድሮኑ የሚጠጋው በ0.08 ብቻ ይሆናል፦ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ከራሱ ንፋስ ትራስ በላይ ተንሳፍፎ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ከዚያ ወለሉ ተመልሶ ከሥር ይመታዋል። በመዝገቡ ሦስት ሙከራ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል።

ከ1.5 ሜትር በታች ፍጥነቱ ወደ 0.7 ከፍ ተደረገ። አሁን የመጠጋቱ ፍጥነት በትንሹ 0.28፣ በብዙው 1.12 ነው። በ1.12 መምታት አንድን ነገር ከ6 ሳንቲ ሜትር ከፍታ እንደ መጣል ነው፤ 2 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅ ከእግሩ ሥር ይውጠዋል። ሞገዱ እስኪረጋ ልጠብቅ ማለት ትልልቅ መርከቦች ላይ ያስኬዳል፣ የእነሱ ውዝዋዜ ብዙ ሰከንድ ስለሚወስድ ጸጥ ያለ ጊዜ ይገኛል። የ1.8 ሰከንድ ሞገድ ጸጥታ የለውም።

ከዚህ ጋር አንድ ለውጥ አብሮ ሄደ፦ ከ50 ሳንቲ ሜትር በታች መተው የለም። እዚያ ላይ ሐሳብ መለወጥ ራሱ ነው የሚጥለው።

ዝንባሌውም መታየት ነበረበት። ጀልባው በሰከንድ 2.5 ሜትር እየሄደ በሰከንድ 3 ሜትር የሚነፍስ ንፋስ ፊት ለፊት ሲይዝ ድሮኑ በአየር ውስጥ የሚሄደው በ5.5 ነው፣ ለዚያም 10 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል፣ የፊት እግሩ ቀድሞ ይነካል። ለጀልባ ነጂው የተሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ሆነ፦ «ጋሼ፣ ንፋሱን ፊት ለፊት ይያዙ፣ ፍጥነቱን ግን በእግር ልክ ያድርጉት፣ መሪውን አያንቀሳቅሱ»። ንፋስን ከኋላ ይዞ መሄድ ዝንባሌውን ይቀንሳል፣ ግን ድሮኑ ራሱ በገፋው አየር ውስጥ ይወርዳል። ተሞከረ፣ ተንገዳገደ፣ ተተወ።

ውጤት፦ 15 ሙከራ፣ 12 ሰሌዳው ላይ፣ 2 ድሮኑ ራሱ የተወው፣ 1 መረቡ ላይ።

ቀን 12

ጠዋት 20 ሙከራ፣ 20ም ሰሌዳው ላይ። ከቀትር በኋላ 10፣ ከዚህ 8ቱ ሰሌዳው ላይ፣ 2ቱ የተተዉ። የንፋሱ ጫፍ በሰከንድ ከ6 ሜትር ካለፈ አይነሳም፤ ይህ ገደብ ተጽፎ ጀልባው ላይ ተለጥፏል።

የትንሹ ምልክት ቀለም በእግሮቹ ስፖንጅ እየተፋቀ ነው። ከ40 ማረፍ በኋላ አንዱ ጥቁር ሳጥን ግራጫ ሆኖ ከ20 ሳንቲ ሜትር በታች አልነበብ አለ። ተቀይሯል። ቀለሙና የካርቶን ቅርጹ ከነጂው መቀመጫ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ናቸው።